669 እና 480፦ የአልፍ ደብስ ሕይወትና ብቻቸውን የተሰደዱ ልጆች ሕግ

«የደብስ ሕግ» ሲባል የሰማ ሰው ብዙ ነው። ደብስ የሰው ስም መሆኑን፣ ያም ሰው በስድስት ዓመቱ ብቻውን ባቡር ላይ ተጭኖ የተሰደደ ልጅ እንደነበረ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ሕጉ የወጣው ብሪታኒያ ውስጥ በ2016 ነው። የሚመለከተውም ያለ ወላጅ አውሮፓ ውስጥ የተበተኑ ስደተኛ ልጆችን ነው። መጀመሪያ የታሰበው 3,000 ልጅ ነበር፤ በመጨረሻ የተወሰነው ቁጥር 480 ሆነ። ይህ ሁሉ ልጅ የት ላይ ቀረ? ብዙ ሰው «መንግሥት ዋሸ» ብሎ ያልፈዋል። ነገሩ ከዚያ የተወሳሰበ ነው፤ ለመረዳትም ከሰውየው ልጅነት መነሳት ይሻላል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አልፍ ደብስ የተወለደው በያኔዋ ቼኮስሎቫኪያ ዋና ከተማ ፕራግ ውስጥ በዲሴምበር 1932 ነው። አባቱ አይሁዳዊ ነበር፤ እናቱ አይሁዳዊት አልነበረችም። በናዚዎች የዘር ሕግ ዘንድ ግን በአንድ ወገን ብቻ አይሁዳዊ መሆን ዋስትና አልነበረም። ማርች 15 ቀን 1939 የጀርመን ጦር ፕራግ ገባ። አባትየው የሚመጣው ታይቶት ወዲያው ወደ ለንደን ወጣ፤ እናትና ልጅ ቀሩ። ልጁ ከዚያ ወራት የሚያስታውሰው አንድ ነገር አለ፦ ትምህርት ቤት ውስጥ ከመጽሐፋቸው የፕሬዚዳንት ቤኔሽን ፎቶ ገንጥለው በቦታው የሂትለርን እንዲለጥፉ ታዘዙ። ለስድስት ዓመት ልጅ መንግሥት ተለወጠ ማለት ይኸው ነው።

እናትየው ከአገር ለመውጣት ፈቃድ ጠየቀች፤ ተከለከለች። ልጇን ግን መላክ የምትችልበት መንገድ ነበር። ይህ መንገድ እንዴት እንደተከፈተ ትንሽ ላብራራ፤ የኋለኛውን ሕግ የሚፈታው ቁልፍ እዚህ ላይ ነውና።

በኖቬምበር 1938 በአንድ ሌሊት ጀርመንና ኦስትሪያ ውስጥ ምኩራቦች ተቃጠሉ፣ የአይሁድ ሱቆች ተሰባበሩ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ወንዶች ታስረው ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተጋዙ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጉዳዩ ለብሪታኒያ ፓርላማ ቀረበ፤ መንግሥትም ልጆችን ያለ ተለመደው የቪዛ ሥርዓት ለማስገባት ተስማማ። ኪንደርትራንስፖርት የሚባለው ይህ ነው፤ በጀርመንኛ የልጆች ማጓጓዣ እንደማለት ነው። ጦርነቱ እስኪፈነዳ ድረስ ወደ 10,000 የሚጠጉ ልጆች በዚህ መንገድ ገብተዋል። ብሪታኒያ እስከ ዛሬ ትኮራበታለች፤ ኮራ ማለትም ይገባታል። ሆኖም ሁለት ነገር አብሮ መነገር አለበት። አንደኛ፣ በዚህ መንገድ የተፈቀደው ለልጆች ብቻ ነው። ወላጆች በዚያ በር አይገቡም ነበር፤ ከመጡት ልጆች አብዛኞቹም እናትና አባታቸውን ዳግመኛ አላዩም። ሁለተኛ፣ መንግሥት ገንዘብ አላወጣም። ፓርላማው «ይህን ያህል ልጅ ይግባ» ብሎ ቁጥር አልቆረጠም፤ ይልቁንም ልጆቹ የመንግሥት ሸክም እንዳይሆኑ የሚል ቅድመ ሁኔታ አኖረ። ከፕራግ ለሚመጣ ልጅ የሚቀበለው ቤተሰብ አስቀድሞ መገኘት ነበረበት። በዚያ ላይ ኋላ ወደ አገሩ ለሚመለስበት ተብሎ 50 ፓውንድ ማስያዣ ይጠየቅለት ነበር። ያኔ 50 ፓውንድ የአንድ ተራ ሠራተኛ የብዙ ሳምንት ደመወዝ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን የወሰነው ሕጉ አልነበረም። ቁጥሩን የወሰነው ደጁን የከፈተና ገንዘብ ያዋጣ ሰው ብዛት ነው።

ኒኮላስ ዊንተን የሚባለው የ29 ዓመት ወጣት የገባበት ሥራ ይኸው ነበር። ለንደን ውስጥ የአክሲዮን ገበያ ሠራተኛ ነው። በ1938 መጨረሻ ለዕረፍት በረዶ ላይ ሊንሸራተት ሲዘጋጅ ወዳጁ ፕራግ እንዲመጣ ጠራው። እዚያ ሲደርስ ዶሪን ዋሪነር የምትባል እንግሊዛዊት ስደተኞችን ለማስወጣት ደፋ ቀና ስትል አገኛት። ትሬቨር ቻድዊክ የተባለ መምህርም ኋላ ፕራግ ቀርቶ ልጆቹን ባቡር ላይ የሚያሳፍረው እሱ ሆነ። ዊንተን ለንደን ተመልሶ ቀን ሥራውን እየሠራ፣ ማታ ደብዳቤ እየጻፈ፣ የልጆችን ፎቶ እየላከ ቤተሰብ ፈለገላቸው። በስምንት ባቡር 669 ልጆች ወጡ። ዘጠነኛው ባቡር 250 ልጆች ይዞ ሊነሳ የተቀጠረው ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ነበር። በዚያች ዕለት ጀርመን ፖላንድን ወረረች፤ ባቡሩም ሳይነሳ ቀረ። ከእነዚያ ልጆች ከጦርነቱ የተረፉት እጅግ ጥቂት ናቸው።

ትንሹ አልፍ የተሳፈረው ከዚያ በፊት በበጋው ከሄዱት ባቡሮች በአንዱ ነው። የሸኘችው እናቱ ናት፤ ጣቢያው ላይ የናዚ ወታደሮች ቆመው ነበር። ለመንገድ የተሰጠውን ስንቅ ለሁለት ቀን ሳይከፍተው ቆየ። የሆላንድን ድንበር ሲያልፉ ትልልቆቹ ልጆች በደስታ ጮኹ፤ እነሱ ከናዚ እጅ መውጣታቸው ገብቷቸዋል። እሱ ግን ነገሩ ትልቅ መሆኑን እንጂ ምን እንደሆነ አላወቀም። ለንደን ሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ ሲወርዱ አብዛኞቹ ልጆች ስማቸው የተጻፈበት ካርድ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ የማያውቁት ሰው እስኪወስዳቸው ይጠባበቁ ነበር። አልፍን አባቱ ጠበቀው። እናቱም ዘግይታ በመጨረሻ ፈቃድ አግኝታ ለንደን የደረሰችው ኦገስት 31 ቀን ማታ ነው፤ ሲነጋ ዘጠነኛው ባቡር የቀረበት ቀን ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል የገጠመው ቤተሰብ ጥቂት ነበር። ይሁን እንጂ ደስታው አልቆየም፤ ብዙም ሳይቆይ አባትየው በልብ ሕመም ሞተ፣ እናትና ልጅም በባዕድ አገር በችግር ኖሩ።

በነገራችን ላይ ልጁ ለንደን ሲገባ የእኛም ንጉሠ ነገሥት እዚያው አገር ስደተኛ ነበሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባዝ ከተማ በፌርፊልድ ቤት እስከ 1940 ተቀምጠዋል። የዚያ ዘመን ስደት ዘውድ የጫነውንም ካርድ አንገቱ ላይ ያሰረውንም አንድ ላይ የያዘ ነበር።

ከዚህ በኋላ አንቱ እላቸዋለሁ። አልፍ ደብስ ለምን ወደ ፖለቲካ እንደገቡ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ቀላል ነው፦ የደረሰባቸውን ነገር ምን እንዳመጣው ለማወቅ ልጅ ሆነው ይፈልጉ ነበር፤ ክፉ ሰዎች በፖለቲካ ይህን ያህል ጥፋት ካደረሱ፣ በዚያው በፖለቲካ በጎ ነገር መሥራትም ይቻል ይሆናል ብለው አሰቡ። ለንደን ውስጥ በአካባቢ አስተዳደር ሠሩ፣ የዌስትሚንስተር ካውንስል አባል ሆኑ፣ ለፓርላማ ደጋግመው ተወዳድረው ተሸነፉ። በ1979 በሌበር ፓርቲ ስም ከባተርሲ ተመረጡ፤ በ1987 ወንበራቸውን አጡ። በዓመቱ የብሪታኒያ የስደተኞች ምክር ቤት ዳይሬክተር ሆነው እስከ 1995 ቆዩ። ይህ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራና ከሶማሊያ ብዙ ሰው ለንደን የገባበት፣ ብሪታኒያም በ1993 ጥገኝነትን ራሱን ችሎ የሚመለከት የመጀመሪያ ሕጓን ያወጣችበት ዘመን ነው። በ1994 የሎርድነት ማዕረግ ተሰጣቸው። ከ1997 እስከ 1999 ደግሞ በሰሜን አየርላንድ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር ነበሩ፤ የ1998ቱ የሰላም ስምምነት የተፈረመው በዚያ ጊዜ ነው።

ደብስ፣ ዊንተን ማን እንደሆኑ ለረጅም ዘመን አላወቁም ነበር። እንደ ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ያተረፋቸውን ሰው ያወቁት በ1988 ቢቢሲ ታሪኩን በቴሌቪዥን ካሳየ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ተዋወቁ፣ ወዳጆችም ሆኑ። ዊንተን በ106 ዓመታቸው በጁላይ 2015 አረፉ። ሁለት ወር ቆይቶ የትንሹ ሶሪያዊ ስደተኛ ልጅ የአለን ኩርዲ ሬሳ ቱርክ ባሕር ዳርቻ ላይ ተገኘ፤ አውሮፓም ለጥቂት ሳምንት ተደናገጠች። በጃንዋሪ 2016 የአውሮፓ ፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል አውሮፓ ከገቡ በኋላ ቢያንስ 10,000 ብቸኛ ልጆች የደረሱበት እንደጠፋ ተናገረ። ሎርድ ደብስ በ83 ዓመታቸው ወደ ሥራ የተነሱት ያኔ ነው።

እንግዲህ ወደ ሕጉ እንግባ። የብሪታኒያ ፓርላማ ሁለት ቤት ነው። የታችኛው ቤት በሕዝብ የተመረጡት እንደራሴዎች ናቸው። የላይኛው ቤት የሎርዶቹ ነው፤ አባላቱ በአብዛኛው ተሹመው ዕድሜ ልክ የሚቀመጡ ስለሆኑ የሚፈሩት ምርጫ የለም። ሕግ ለማጽደቅ በተለምዶ ሁለቱ መስማማት አለባቸው። ካልተስማሙ ረቂቁ ከአንዱ ወደ አንዱ ይመላለሳል፤ እነሱ ራሳቸው ይህን ፒንግ ፖንግ ይሉታል። በ2016 መንግሥት የስደተኞችን ሁኔታ የሚያጠብቅ ረቂቅ አቅርቦ ነበር። ሎርድ ደብስ በዚሁ ረቂቅ ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር ጠየቁ፦ ብሪታኒያ ከአውሮፓ 3,000 ብቸኛ ስደተኛ ልጆችን ታምጣ የሚል። ራሳቸው እንደተናገሩት፣ የያኔዋ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ ሐሳቡን እንዲተዉት ጠይቀዋቸው ነበር። አልተዉትም። በማርች የላይኛው ቤት በ306 ድምፅ ለ204 አጸደቀላቸው። በኤፕሪል የታችኛው ቤት በ294 ለ276 ጣለው።

አሁን በጥንቃቄ እንይ፤ 3,000 የጠፋው እዚህ ላይ ነው። በዚያ አገር ልማድ የመንግሥት ገንዘብ ጉዳይ የታችኛው ቤት ሥልጣን ነው። ያ ቤት አንድን ማሻሻያ «ከግምጃ ቤት ወጪ ያስከትላል» ብሎ ከመለሰው፣ የላይኛው ቤት ያንኑ ሐሳብ መልሶ መላክ አይገባውም። 3,000 ልጅ ማለት ደግሞ ተሰልቶ የሚታወቅ ወጪ ነው። ስለዚህ አንቀጹን ለማዳን የነበረው ምርጫ አንድ ነበር፦ ቁጥሩን ከአንቀጹ መሰረዝ። ሎርድ ደብስ በማግስቱ ቁጥር የሌለው አንቀጽ ይዘው መጡ፤ የላይኛው ቤት በ279 ለ172 ደገፋቸው። የሕዝቡም ግፊት በረታ፤ በሜይ መጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ተስማሙ፣ ሕጉም በዚያው ወር ጸደቀ። አንቀጽ 67 የሚባለው ይህ ነው። በአጭሩ ሲነገር፣ ሚኒስትሩ በተቻለ ፍጥነት «የተወሰነ ቁጥር» ያላቸውን ብቸኛ ስደተኛ ልጆች ከአውሮፓ ያምጣ፣ ይደግፍም፤ ቁጥሩንም «ከአካባቢ አስተዳደሮች ጋር ተመካክሮ» ይወስን ይላል።

እነዚያ ሁለት ሐረጎች ሁሉን ነገር ይዘዋል። መንግሥት ልጆች የማምጣት ግዴታ አለበት፤ ስንት እንደሆነ የሚቆርጠው ግን ራሱ ነው። የሚቆርጠውም የአካባቢ አስተዳደሮቹን፣ ማለትም ካውንስሎችን፣ «ስንት ቦታ አላችሁ?» ብሎ ጠይቆ ነው። ለምን ካውንስል? በእንግሊዝ ሕግ ወላጅ የሌለውን ልጅ በወላጅ ቦታ የሚይዘው የሚኖርበት ካውንስል ስለሆነ ነው፤ ፎስተር ቤተሰቡን (ልጁን ተቀብሎ የሚያሳድገውን)፣ ሶሻል ወርከሩን፣ ትምህርት ቤቱን የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ማዕከላዊው መንግሥት ለዚህ ገንዘብ ቢልክም ካውንስሎቹ ወጪውን አይሸፍንልንም ይሉ ነበር። በዚያ ላይ እንደ ኬንት ያሉት፣ በዶቨር ወደብ የሚገባውን ልጅ ሁሉ የሚቀበሉት፣ ሞልተው ፈሰዋል።

የ1939ኙን አስታውሱ። ያኔ ቁጥሩን የወሰነው 50 ፓውንድ ያስያዘ ቤተሰብ ነው፤ አሁን ደግሞ የወሰነው «ይህን ያህል አልጋ አለኝ» ያለ ካውንስል ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ዊንተን ማታ ማታ ደጅ እያንኳኳ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይችል ነበር። በ2016 የማንኳኳቱ ሥራ በሚኒስቴሩ እጅ ነበር፣ ሚኒስቴሩም የሚችለውን ያህል አላንኳኳም። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ ብዙ ካውንስሎችም ቦታ እያለን በወጉ አልተጠየቅንም ብለው ተናግረዋል።

ወሬው የእኛ ልጆች ዘንድ የደረሰው በፈረንሳይዋ የወደብ ከተማ በካሌ ነው። ጀንግል የሚባለው የድንኳን ሰፈር ውስጥ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ከእንጨትና ከላስቲክ የሠሩት የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነበር። ዙሪያውን ከሱዳን፣ ከአፍጋኒስታን፣ ከሶሪያ የመጡ ሰዎች ሰፍረዋል፤ ማታ ማታ ከባድ መኪና ላይ ለመንጠልጠል የሚሞክሩ የአሥራ አራትና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆችም ከመካከላቸው ነበሩ። ኦክቶበር 24 ቀን 2016 ፈረንሳይ ሰፈሩን ማፍረስ ጀመረች። ልጆቹ በአውቶቡስ ተጭነው በየክፍለ ሀገሩ ወዳሉ ማረፊያዎች ተበተኑ፤ የሆም ኦፊስ (የብሪታኒያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር) ሠራተኞችም እየዞሩ አነጋገሯቸው። በኖቬምበር መስፈርቱ ወጣ። በደብስ አንቀጽ ለመግባት ልጁ 12 ዓመትና ከዚያ በታች መሆን አለበት፤ ወይም ለወሲብ ብዝበዛ ከፍተኛ አደጋ የተጋለጠ፤ ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ሶሪያዊ ወይም ሱዳናዊ፤ ወይም ከእነዚህ የአንዱ ወንድም ወይም እህት።

አንድ የ14 ዓመት ኤርትራዊ ወይም ኢትዮጵያዊ ልጅ ይህን ሲሰማ ምን ይላል? ሱዳናዊው ጓደኛው ይገባል፣ እሱ አይገባም። መንግሥት የሰጠው ምክንያት ከሁለቱ አገሮች የሚመጡ ሰዎች በብሪታኒያ ጥገኝነት ሲጠይቁ ከአራት ሦስቱ ገና በመጀመሪያው ውሳኔ ይፈቀድላቸዋል የሚል ነበር። ጥገኝነት የሚፈቀድላቸው የኤርትራውያን ቁጥር ግን የወረደው ሆም ኦፊስ ራሱ በ2015 መመሪያውን ስላጠበቀ ነው፤ ይግባኝ ሲሉ አብዛኞቹ ያሸንፉ ነበር። መሥሪያ ቤቱ በራሱ ስሕተት ያሳነሰውን ቁጥር መልሶ መለኪያ አደረገው። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ብዙዎቹ ልጆች ማረፊያቸውን ጥለው ወደ ካሌና ወደ ደንከርክ ጫካዎች ተመለሱ።

በፌብሩዋሪ 2017 መንግሥት ቁጥሩን አስታወቀ፦ 350። እስከዚያ የገቡት ከ200 ጥቂት ይበልጣሉ፤ ቀሪው ሲሞላ አንቀጹ ያበቃል ተባለ። ምክንያቱም ተሰጠ፦ ቁጥሩን ክፍት መተው ሌሎች ልጆች ለደላላ ተላልፈው እንዲመጡ ይጋብዛል። ሎርድ ደብስና አጋሮቻቸው የመለሱት ግልጽ ነበር፤ ሕጋዊ በር ሲዘጋ ልጁ ወደ ቤቱ አይመለስም፣ ወደ ደላላው ይሄዳል። ሁለት ወር ቆይቶ ሚኒስቴሩ የአንድ አካባቢ ካውንስሎች ያቀረቡትን 130 ቦታ በአሠራር ስሕተት ሳይቆጥር እንደቀረ አመነ። 480 የተባለው ይህ ተደምሮ ነው። የ130 ልጆች ዕጣ አንድ የወረቀት ላይ ቁጥር ሲዘነጋ ጠፋ፣ ቁጥሩ ሲገኝ ተመለሰ። የመጨረሻዎቹ ልጆች የገቡት በ2020 ነው።

ብዙ ሰው የሚያምታታውን አንድ ነገር ላጥራ። ለብቸኛ ልጅ የነበሩት በሮች ሁለት ናቸው። የደብስ አንቀጽ ማንም የሌለው ልጅ የሚገባበት ነው። ሌላው ደብሊን የሚባለው የአውሮፓ ደንብ ነው፤ ብሪታኒያ ውስጥ ወንድም፣ እህት፣ አጎት ወይም አክስት ያለው ልጅ ጉዳዩ እዚያው እንዲታይለት የሚያደርግ ነው። በ2016 መኸር ከፈረንሳይ ከመጡት ልጆች አብዛኞቹ የገቡት በሁለተኛው ነው። ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ ግን ደብሊንም ለእሷ መሥራቱን ያቆማል። ሎርድ ደብስ ይህን አስቀድመው አይተው በ2018ቱ የመውጫ ሕግ ውስጥ መንግሥት ምትክ ስምምነት እንዲደራደር የሚያስገድድ አንቀጽ አስገብተው ነበር። ከ2019 ምርጫ በኋላ አዲሱ መንግሥት ግዴታውን ከሕጉ ሰረዘው። የ87 ዓመቱ አዛውንት እንደገና ማሻሻያ አቀረቡ፣ የላይኛው ቤት ደገፋቸው፤ በጃንዋሪ 2020 የታችኛው ቤት በ342 ለ254 ጣለው። ይህ ቤት እንደ 2016ቱ በጥቂት ድምፅ የሚወዛወዝ አልነበረም፣ ስለዚህ ፒንግ ፖንጉ እዚያው አበቃ።

በአንቀጽ 67 የገቡት ልጆች እንደማንኛውም ሰው ጥገኝነት ይጠይቃሉ፤ ከተፈቀደላቸው የስደተኛ ወረቀት ያገኛሉ። ያልተፈቀደለት እንኳ አይባረርም። በ2018 ለእነሱ ብቻ የወጣ የመኖሪያ ፈቃድ አለ፦ አምስት ዓመት እየሠራ፣ እየተማረ፣ የመንግሥት ድጋፍ እያገኘ ይኖራል፣ ከዚያ ቋሚ መኖሪያ ይጠይቃል። ደብሊን ደግሞ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 እኩለ ሌሊት ላይ ብሪታኒያን መመልከቱ አበቃ። በዚያች ሌሊት ካሌ ጫካ ውስጥ የነበረ፣ ለንደን ወንድም ያለው የ15 ዓመት ልጅ ሲነጋ የሚያመለክትበት ያ በር አልነበረውም።